እርጥብ ግድግዳ አይለሰንም

ከወልድያ ተነስቶ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው ጋሸናን የሚያውቃት በመገንጠያነቷ ነው። ወደ ቀኝ የታጠፈ ላሊበላ ይወርዳል፤ ወደ ግራ የዞረ ኮን ይደርሳል፤ ቀጥ ብሎ የሄደ በደብረ ዘቢጥና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጎንደር ምድር ይገባል። አብዛኛው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ፣ ጋቢውን አጥብቆ፣ መኪና ቀይሮ ይሄዳል። ብርዷን እንጂ ቤቶቿን ልብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት ሁለት ሳምንት የቆየሁባት ግድግዳ ለማየት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው እዚያ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ደውላ «ክረምቱ ቤቴን በላው፤ ልጁም ሌሊት ሌሊት ያስለዋል» አለችኝ። ልጁ አብሯት የሚያድገው የስድስት ዓመት የልጅ ልጇ ነው። ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ፣ ከቤቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ የልጁ ሳል ነበር። ስደርስ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ሆነው አገኘኋቸው።

ቤቱ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ የጭቃ ምርጊትና የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ እንደ አብዛኛው የአገራችን ቤት ነው። በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ከውስጥ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል፤ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ፍራሹን ብገለብጠው ሥሩ ሻጋታ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው የገብስ ጆንያም ከታች ሸቷል። ጆንያውን ከፍተን የሻገተውን ለየንና ጣልነው። እህቴ አጥባ ልታሰጣው ነበር፤ የሻገተ እህል ግን በማጠብ አይድንም፤ ለሰውም ለከብትም አይሰጥም።

ልጁን በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እዚያ የታዘዘለትን ወሰደ። ነገር ግን መድኃኒት ወስዶ ተመልሶ የሚተኛው እዚያው ግድግዳ ሥር ከሆነ ሳሉ ይመለሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም እንደሚያጋልጥ ገልጾ፣ ዋናው መከላከያ እርጥበቱን ራሱን ማስወገድ መሆኑን ያሳስባል።

እህቴ የተጨነቀችበት ሌላም ነገር ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዝክር በእሷ ቤት ነው። «ሰው ሁሉ እዚህ ተቀምጦ ይህን ግድግዳ እያየ ጠላ ሊጠጣ ነው?» ትላለች። ጎረቤቶቿ በደቦ ጭቃ አቡክተው በአንድ ቀን ሊመርጉላት ቃል ገብተዋል። መልካም ጎረቤት ትልቅ ሀብት ነው፤ እኔ ግን «እታለም፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው» አልኳት።

ሁለት ባለሙያዎች መጡ። የመጀመሪያው በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባ፤ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ይህ በሲሚንቶ ሲለሰን በሦስት ቀን ያልቃል» አለ። ግማሹን ቀብድ ጠየቀ። እህቴ ፊቷ በራ፤ ከዝክሩ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነውና።

ሁለተኛው ፀጉሩ የሸበተ ግንበኛ ነው። ወደ ቤት ግቡ ቢባል አልገባም። በጓሮ ዞረ፣ ከላይ ያለውን የጎረቤት ግቢ አየ፣ ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን ግርጌ ተመለከተ። ከዚያ «እማማ፣ ዝናብ ሲጥል ውኃው በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ሲል ጠየቀ። እህቴ ነገረችው። መሮውን አውጥቶ «ትንሽ ልፈልፍል?» ብሎ አስፈቅዶ፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ወጋ ወጋ አደረገ። ሁለቱ ላይ መሮው እንደ ቅቤ ገባ።

ያገኘውን በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። ክዳኑ ቀዳዳ አለው፤ በ2014 ዓ.ም. ጋሸና የውጊያ ቦታ በነበረችበት ወቅት የተበሳው ቆርቆሮ በጆንያና በሬንጅ ተለጥፎ እስከ ዛሬ ቆይቷል። አሸንዳ የለውም፤ ከክዳኑ የሚወርደው ውኃ ግርጌው ላይ ይፈርጣል። በጓሮ በኩል ከዓመት ዓመት የተከማቸው አፈር ከድንጋይ መሠረቱ በላይ አልፎ ጭቃውን ነክቶታል። የላይኛው ግቢ ጎርፍ ደግሞ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይተኛል። «በዚህ ላይ ሲሚንቶ ብትለጥፉበት ውኃው ውስጥ ይታፈናል፤ ቋሚው በስብሶ ልስኑ ብቻውን ይቆማል፤ ከዚያ አንድ ቀን ይገነጠላል» አለ። ከዝክሩ በፊት ያልቃል ወይ ስትለው ራሱን ነቀነቀ።

ይህን ቋንቋ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ቁስል ሳይጸዳ አይሸፈንም። ከላይ አምሮ ከውስጥ የሚመግል ቁስል ስንት ጊዜ ከፍቻለሁ! እህቴ ግን አልተዋጠላትም፤ ያን ቀን ማታ አኮረፈችኝ።

እሑድ ዕለት ለመሳለም ወደ ላሊበላ ወረድኩ፤ ከጋሸና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እነዚያን 11 ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ዓይኔ ያረፈው በውኃ መሄጃዎቻቸው ላይ ነበር። ድንጋዩን የፈለፈሉት አባቶች ዝናቡ ከጉድጓዱ እንዲወጣ ቦዩንና ተዳፋቱን አብረው ፈልፍለዋል።

እዚያም ቢሆን ጠላቱ ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዝናቡን ለመከላከል ተብሎ አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀብተው ነበር። በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት ቡድን ከሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ያንን ቅብ ማስለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው ተተከሉ፤ ዝናቡን ቢከለክሉም ክብደታቸውና ምሰሶዎቻቸው ለአካባቢው ሰው እስካሁን ስጋት ናቸው። ከሁሉም ደስ ያለኝ የቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና ነው፤ ወርልድ ሞኒዩመንትስ ፈንድ በተሳተፈበት በዚያ ሥራ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ሠርተውበታል። ሠልጥኖ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ክረምትም እዚያው አለ።

ተመልሼ ለእህቴ ያየሁትን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲያው ሽማግሌው ይምጣ» አለች።

ሥራው የተጀመረው ከቤት ውጭ ነው። የተበሳው ቆርቆሮ ተቀየረ፤ አሸንዳ ተገጠመ። ከግድግዳው ግርጌ አፈሩ ተነስቶ የድንጋይ መሠረቱ ታየ። ከላይ ለሚመጣው ጎርፍ በማሳ ላይ እንደሚወጣ ፈሰስ ያለ፣ ግን በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ተቆፈረ። ቦዩ በጎረቤት ድንበር ስለሚያልፍ መጀመሪያ ሁለቱን ቤቶች ማስማማት ነበረብን፤ የእድሩ ሽማግሌዎች በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ደቦውም አልቀረም፤ ባለሙያው እየመራ ጎረቤቶች አፈሩን አነሱ። ቀጥሎ የበሰበሱት ሁለት ቋሚዎች ተቀየሩ፤ የራሰው ምርጊት ተገፎ ግድግዳው ራቁቱን ቀረ።

ክፍያውን በሦስት ከፍለን በወረቀት ላይ አሰፈርን። አንዱ ሥራ ሲጀመር፣ ሁለተኛው ክዳኑና ቦዩ ሲያልቅ፣ ሦስተኛው ግድግዳው ደርቆ ሲለሰን የሚከፈል ነው። ሁለት ምስክሮች ፈረሙ። ቅሬታ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በቃል ከተነገረው ነገር ስለሆነ፣ የቆርቆሮውን ውፍረትና የጭዱን ዋጋ ማን እንደሚችል ሳይቀር ጻፍን።

የጽዳቱ ሥራ የእኔ ነበር። ልጁን ጎረቤት አስቀምጠን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ በርና መስኮት ከፍተን ሻጋታውን በሳሙናና በውኃ አጠብን። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቆጣሪው ላይ ይጥፋ። የሻገተው ፍራሽ ተጣለ፤ አልጋው ከግድግዳው ክንድ ያህል ራቀ።

መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ላስቲክ ቆርጣችሁ ዙሪያውን ግድግዳው ላይ አጣብቁና አሳድሩት። ጠዋት ከውስጥ ጠል ይዞ ከተገኘ ገና ነው። እኛ ስናየው እንደ ላብ ወርዶ ነበር። ግንበኛው «እስከ ታኅሣሥ ይተንፍስ» ብሎ ሄደ።

የኅዳር ሚካኤል ዝክር በዚያው ራቁት ግድግዳ ፊት ተደረገ። እህቴ ደውላ እንደነገረችኝ፣ እንግዶቹ ጠላቸውን ይዘው ቦዩን ለማየት ጓሮ ድረስ ዞረዋል፤ ሁለት ሴቶችም የግንበኛውን ስልክ ወስደዋል። ልስኑ የተጠናቀቀው ገና ሊደርስ ሲል ነው፤ ያውም በሲሚንቶ ሳይሆን ከጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ። ልጁ ጭስ ሲበዛ ዛሬም ያስለዋል፤ ሌሊቱን ግን ተኝቶ ያድራል።

ለወላጆቻችሁ ወይም ለራሳችሁ ቤት ባለሙያ የምትጠሩ ሁሉ፣ ሰውየው ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጓሮ ዞሮ ውኃው በየት እንደሚመጣ የሚጠይቃችሁ ከሆነ፣ ቡና አፍሉለትና አስቀምጡት።