እንቢ ስላለው ታችፓድ

ባል የሞተባት የአንዲት ሴት የውርስ ክርክር ውሳኔ ለማግስቱ ችሎት ተገልብጦ እንዲደርስ ታዝዘን፥ ባለፈው ሰኞ ማታ ላፕቶፓችንን ይዘን ወደ ቤት ገባን። ከራት በኋላ ሥራውን ጀምረን ጥቂት እንደ ሄድን፥ ታችፓድ የሚባለው፥ በጣት እየዳሰሱ ቀስቱን የሚነዱበት ሰሌዳ፥ ፈጽሞ እንቢ አለ። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ብርዕ እንቢ ሲል መቅረጽ፥ ቀለም ሲቀጥን ማወፈር ተምረን ነበር፤ ይህ ግን በየት በኩል እንደሚቀረጽ አላወቅንም።

መጀመሪያ የጠረጠርነው እጃችንን ነው። ታችፓድ ጣትን የሚያውቀው በግፊት አይደለም፤ ከገጹ በታች በተዘረጉት ቀጫጭን መስመሮች ያለው የኤሌክትሪክ ሙላት ጣት ሲጠጋው ስለሚለወጥ ነው እንጂ። ስለዚህ እጅ እርጥብ ወይም ቅባት የነካው እንደ ሆነ ይሳሳታል። ሰሌዳውንም እጃችንንም በደረቅ ጨርቅ ብንጠርግ ለውጥ የለም።

ቀጥሎ የ7 ዓመት ልጃችንን ጠረጠርን። በብዙ ላፕቶፕ በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ታችፓዱን የሚዘጋና የሚከፍት ቁልፍ አለ፤ ልጆችም ሲጫወቱ ሳያውቁ ይነኩታል። ሕፃኑ «እኔ አልነካሁም» እያለ ሲያለቅስ፥ ምስክር ሳንሰማ ፈረድንበትና ወደ መኝታው ሰደድነው። ቁልፉን ብንጫን ግን ምንም አልሆነ። በዊንዶውስ ቁልፍ፥ በታብና በኢንተር ብቻ እየተመራን ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ብናይ ታችፓዱ ክፍት ነው። የጻፍነውን በኮንትሮልና በኤስ አስቀምጠን፥ አጥፍተን ብናስነሣውም ያው ነው።

በዚህ ጊዜ ሰሌዳው መካከሉ ጕብ ብሎ አየነውና በአውራ ጣታችን ተጭነን ልንመልሰው ቃጣን። ኢንጂኔሪንግ የምትማረው ታላቋ ልጃችን ግን «አባባ፥ ይተዉት! አይጫኑት፤ ባትሪው አብጦ ነው» ብላ እጃችንን ያዘች። በብዙ ላፕቶፕ ባትሪው ከታችፓዱ ሥር ወይም አጠገብ ነው የሚተኛው፤ የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ በውስጡ ጋዝ እየፈጠረ ያብጣል፥ ሰሌዳውንም ከታች ይገፋዋል። ያበጠውን ቢጫኑት ወይም ቢወጉት እሳት ሊያነሣ ይችላል። የእኛም ላፕቶፕ 6 ዓመት ያገለገለ ነው፤ ክዳኑ አልገጥም ካለ ሳምንት ሆኖት ሳለ ዝም ብለነው ነበር። ልጃችን ጽሑፉን በፍላሽ ቀድታ፥ ላፕቶፑን አጥፍታ፥ ከኤሌክትሪኩ ነቅላ፥ ከመጋረጃና ከአልጋ አርቃ በሲሚንቶው ወለል ላይ አኖረችው።

ግልባጩን በእርሷ ኮምፒውተር እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ጽፈን ጨረስን፤ ሴቲቱም ውሳኔዋን በቀጠሮዋ ቀን ተቀበለች። ባትሪው በባለሙያ ከተለወጠ ወዲህ ታችፓዱ እንደ ቀድሞው ይሠራል።

ሕፃኑን በማግስቱ ጧት ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም «እሺ» አለን። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ላፕቶፑ በተከፈተበት ሲያልፍ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ነው።