«ያቺን ዘፈን መቼ ነው የምትጨርሳት?»

ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ አንድ ወጣት ኪቦርድ ይለማመዳል። ቀን ቀን የሰው ልጆች ፒያኖ ያስጠናል፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ይሠራል። ማታ ግን መብራት ካለ ለሁለት ሰዓት ያህል በትዝታ ቅኝት ላይ ይመላለሳል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስት ድምፅ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እየዘለለ፣ እየሰበረ።

አንድ ማታ አከራዩ በሩን አንኳኩ። በጩኸት ምክንያት ከዚህ በፊት ሁለት ቤት ለቋልና ደነገጠ። እሳቸው የጠየቁት ግን ሌላ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን ዘፈን መቼ ነው የምትጨርሳት?»

«እትዬ፣ ገና መቼ ጀመርኳት!»

ቀልድ ይመስላል፤ ግን እውነቱን ነው። ልጁ የሚፈልገው በትዝታ ጃዝ መጫወት፣ ማለትም የተጻፈ ሳይከተል እዚያው እየፈጠረ መሄድ ነው። ይህ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው።

ክራር የሚመታ ሰው መጀመሪያ ክሩን ይቃኛል። ከተቃኘ በኋላ ከቅኝቱ ውጪ ያሉት ድምፆች ክራሩ ላይ የሉም፤ ጣቱ ቢስት እንኳ የሚስተው እዚያው ትዝታ ውስጥ ነው። ኪቦርድ ላይ ግን 12ቱም ድምፆች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቅኝቱን የሚጠብቀው የተጫዋቹ ጆሮ ብቻ ነው።

ኮርድ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። በጃዝ እጅግ የተለመደው አካሄድ ከሁለተኛው ኮርድ ወደ አምስተኛው፣ ከዚያ ወደ አንደኛው የሚሄደው ነው። በዶ ሲጫወቱት አምስተኛው ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ እና ፋን ይይዛል። ፋ እና ሲ ደግሞ ከሰባቱ ድምፆች ትዝታ የሚተዋቸው ሁለቱ ናቸው። ቀኝ እጅ ትዝታን ሲገነባ ግራ እጅ ያፈርሳል ማለት ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ በርክሊ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የአምስቱን ድምፅ ጠረን ሳያጠፉ የ12ቱን ሙዚቃ እንዴት ከሥሩ ማኖር ይቻላል? በታወቁ ሥራዎቹ የምንሰማው መልስ ኮርድ ማብዛት አይደለም። ባሱ አንድ ሐረግ ይደጋግማል፣ ቅኝቱ ከላይ ይተነፍሳል። ማይልስ ዴቪስም እ.ኤ.አ. በ1959 በቀረጸው «ሶ ዋት» ኮርድ ቀንሶ በሁለት ሞድ ብቻ ተጫውቷል።

ፈጠራው ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ግጥሙን እዚያው ይሰጣል። ከባዶ ግን አይደለም፤ ዜማውንና ቤት አመታቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያጠራቅም ኖሯል። እኛ የምናየው ማታ የሚሰጠውን እንጂ ያጠራቀመበትን ዘመን አይደለም።

ችግራችንም እዚህ ላይ ነው። ሙላቱ በዓለም መድረክ ሲጠራ እንኮራለን፤ የሚለማመደውን ልጅ ግን «ድምፁን ቀንስ» እንላለን። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አከሰመው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ጠፋ። ጃዝ ደግሞ ከመድረክ ላይ፣ ከሌላ ተጫዋች ጋር ካልተጫወቱት ግማሹ አይገኝም።

የሚጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በብዙ ወረዳ ወጣት ማዕከል አለ፣ በየትምህርት ቤቱ ከ11 ሰዓት በኋላ ባዶ የሚውል ክፍል አለ። አንድ ክፍል፣ አንድ ኪቦርድ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ለኳስ ሜዳ የሚጠይቅ ሰፈር ለዚህም ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ልጁ ሰሞኑን ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ ማዳመጫ ገዝቶ በዚያ መለማመድ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን እትዬ እንደገና አንኳኩ።

«ምነው ዝም አልክ ልጄ? ታመምክ እንዴ?»

ሁሉም ተከራይ ግን እንዲህ ያለ አከራይ የለውም።