እጅ መስጠት

እንግሊዝኛ «ጊቭ» የምትባለውን ግሥ የማያሠራበት ቦታ የለም፤ ስልክ መደወልም፣ መሞከርም፣ ተስፋ መቁረጥም በእሷ ይነገራል።

አንድ እሑድ ከፈረንጅ እንግዳዬ ጋር ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ፣ የጭራሮ ሸክማቸውን መሬት ያሳረፉ እናት «አንዴ አሸክሙኝ ልጆቼ» አሉን። እንግዳዬ በእንግሊዝኛው «እጅ እንስጣቸው» አለ፤ እንርዳቸው ማለቱ ነው። በእኛ አገር እጁን የሚሰጥ የተሸነፈ ነውና ሳቅሁ። ሸክሙ ግን ለሁለት ጎልማሶች ከበደን። ጀርባቸው ላይ ስናደርገው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

«ምን አሉ?» ሲለኝ «አመሰግናለሁ» ብዬ አቃለልኩት። ያሉትስ፣ እኔ የምሰጠው የለኝምና በእኔ ፈንታ እርሱ ይስጣችሁ ነው።

ከደጀ ሰላሙ ስንደርስ ለተዘረጉት እጆች ኪሴን ሳልነካ «እግዜር ይስጥልን» ብዬ አለፍኩ።

ቃሏን የያዛት እንግዳዬ «አንተ ደግሞ ስለ ምን አመሰገንካቸው?» አለኝ።