የቁም ሳጥን እርሻ

ቁም ሳጥን በአገራችን መቸም የልብስ ማስቀመጫ ብቻ ሁኖ አያውቅም። የቤቱ ካርታ፤ የሠርግ ጥበብ፤ የሟች ፎቶግራፍ፤ ለክብር እንግዳ የሚወጣው ብርድ ልብስ፤ ሁሉም እዚያ ይከተታል። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች፤ በሆሳዕናም ቢሉ በዱራሜ፤ በሾኔም ቢሉ በዶዮገና፤ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ሌላም ነገር ተጨምሮበታል፤ ይኸውም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ ልብስ ነው። አንባቢ ሆይ፤ የዚህ አገር ሰው ከሆንህ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻንም። ልጁ ሲሄድ የሚይዘው አንድ ትንሽ ቦርሳ ነው። የቀረው ልብስ በመስቀያው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል፤ ቁልፉም ከእናቱ ነጠላ ጫፍ ይቋጠራል።

ልንጽፍ የተነሣነው ከእነዚህ ቁም ሳጥኖች ስለ አንዱ ነው። ስለ አንድ ቁም ሳጥን ይህን ያኽል ወረቀት ማባከን ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

እኛ ማለት ሦስት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ አንዳችን ከዱራሜ፤ አንዳችን ከሾኔ፤ አንዳችን ከዶዮገና። ሆሳዕና ውስጥ፤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ፤ ከአንዲት እናት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። በክፍሉ ጥግ የተቆለፈ ቁም ሳጥን አለ፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ፤ ስፋቱ አንድ ሜትር፤ ጥልቀቱም ግማሽ ሜትር ያኽላል። ስንከራይ እማማ (እንዲህ ነው የምንጠራቸው) «እሱ የልጄ ነው፤ እንዳትነኩት» አሉን። ልብሳችንን በካርቶንና በምስማር ላይ እያደረግን ሁለት ዓመት ኖርን። ልጃቸው በሞያሌ በኩል ወጥቶ፤ ኬንያን ታንዛንያን ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጦ፤ ዛሬ በጆሃንስበርግ ዳርቻ እነሱ «ስፓዛ» የሚሉትን ዓይነት ትንሽ ሱቅ ይዟል። እሑድ እሑድ ይደውላል። እማማ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ስለሚያናግሩት፤ ወደድንም ጠላንም የዚያን አገር ወሬ ሁሉ እንሰማለን።

ታዲያ አንድ እሑድ ልጁ የሚያስቅ ነገር አወራ። አከራዩ የልብስ ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጎ፤ ውስጡን በሚያብለጨልጭ ወረቀት ለብጦ፤ አምፑልና ትንሽ ማራገቢያ ሰቅሎበት ሐሺሽ ተክሎበታል አለ። እማማ «ኧረ ልጄ፤ ከዚህ ቤት ቶሎ ውጣ፤ ፖሊስ አንተንም ይይዝሃል» ብለው ጮኹ። ልጁም ሕጉ ፈቅዶለታል ሲል መለሰላቸው። አላመኑትም። እኛም አላመነውም ነበር፤ በኋላ ስናጣራ ግን እውነቱን ነው። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መስከረም 8 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በግል ቦታው ለራሱ ፍጆታ ይህን ተክል ቢያበቅል ወንጀል አይሆንም ብሏል። ፕሬዚዳንት ራማፎሳም ጉዳዩን የሚመለከተውን ሕግ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ፈርመዋል። መሸጥ ግን ክልክል ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርተውንና የሚያዘዋውረውን ሰው በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ማሳ ይሁን ቁም ሳጥን አይለይም። ነገሩ ግን ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነው ብሎ የሚምል ካለ ይሳሳታል። ስለ ሻሸመኔ የሚወራውን ሁሉም ያውቃል፤ እሷን እንተዋት። በጣና ሐይቅ አካባቢ ካለ ዋሻ በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ጋያ ራሶች ተመርምረው የዚሁ ተክል ርዝራዥ እንደ ተገኘባቸው ቫን ደር ሜርዌ የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ጽፈዋል፤ ዕድሜያቸውንም በ13ኛውና በ14ኛው ምዕት ዓመት ገምተውታል። ይህን የምንጠቅሰው የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን ካልተጠቀሰ አልተኛም ስላለ ነው።

እኛን ግን በዚያ ሌሊት ያስቸገረን ሐሺሹ አይደለም፤ ቁም ሳጥኑ ነው። የከምባታ ገጠር ከአገሪቱ እጅግ ሰው ከሰፈረባቸው አንዱ ነው፤ የዱራሜው ጓደኛችን አባት መሬታቸውን ለአምስት ወንዶች ልጆች ቢያካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው የእንሰት ጓሮና የቤት መሥሪያ ብቻ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ሄደዋል። ሦስተኛው አጠገባችን ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ ከአንድ ደላላ ጋር መነጋገር መጀመሩንም እናውቃለን። መሬት የለንም ብሎ የሚሄድ ሰው ሞልቶ ሳለ፤ በሄደበት አገር ደግሞ ሰው በቁም ሳጥን ውስጥ ያርሳል! ግማሽ ሜትር ጥልቀት ባለው ሣጥን ሕግ የማይከለክለው፤ ሰው የሚበላው፤ ገበያ የሚገዛው ምን ሊበቅል ይችላል?

መልሱን የሰጠን ጎረቤታችን የግብርና ተማሪ ነው። እንጉዳይ አለን። ፀሐይ አይፈልግም፤ አፈር አይፈልግም፤ የሚበላው ጭድ ነው። የሐዲያ ወረዳዎች ደግሞ፤ ሌሞም ሆነ ሶሮ፤ የስንዴ አገር ናቸውና ጭድ አላጣንም። ቸገረን የምንለው ሣጥን ነበር። ሣጥኑም ቁልፉ እማማ ዘንድ ነው።

እንዴት እንደ ጠየቅናቸው በዝርዝር አንጽፍም። ለሦስት ቀን ማን ይናገር እየተባባልን ቆየን፤ በመጨረሻ የሾኔው ተናገረ። እማማ ምንም ሳይመልሱ ወጡ። እኛም ቤት ፈልጉ ልንባል ነው ብለን ስንጠብቅ በማግሥቱ ጧት ቁልፉን ይዘው መጡና ራሳቸው ከፈቱት። ሽታው የናፍታሊንና የአሮጌ ሱፍ ነበር። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያጠፉ በጆንያ ከተቱ፤ ጫማውን በጋዜጣ ጠቀለሉ። አንድ ጥቁር ኮት ቀረ፤ እሱን በእጃቸው ይዘው ትንሽ ቆሙ። «ይህ ጆንያ ውስጥ ከገባ ይጨማደዳል» አሉና ከቁም ሳጥኑ ጎን በግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀሉት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሥራውን ስንጀምር በወረቀት የያዝነው ትምህርት ይህ ነበር። ጭዱ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በውሃ ይራሳል፤ ከዚያም 70 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያኽል ይቆያል፤ ይኸውም በጭዱ ላይ ያሉት የሻጋታ ዘሮች እንዲሞቱ ነው። ይጠነፈፋል፤ ይበርዳል። በተቀቀለ ማሽላ ላይ ያደገው የእንጉዳይ ዘር ከጭዱ ጋር እየተነባበረ በላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል። ከረጢቱ በጨለማ ሦስት ሳምንት ያኽል ሲቀመጥ ነጭ ክር መሳይ ነገር ጭዱን ሁሉ ይወርሰዋል። ያን ጊዜ ከረጢቱ ይቀደዳል፤ ጥቂት ብርሃን፤ ብዙ እርጥበትና ንጹሕ አየር ይሰጠዋል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነንና ቴርሞሜትር ገዛን። ዳሩ ግን ወረቀቱ ያልነገረን ነገር ነበር፤ ጭዱ ሲጠነፈፍ ምን ያኽል እርጥበት ይቅር? «ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ» ይላል መጽሐፉ። እኛ ስንጨምቀው አንዴ ይፈሳል፤ አንዴ ይደርቃል። እማማ ከበሩ ቆመው ሲያዩን ቆዩና ሣቁ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ቆጮ የጨመቁ ሴት ናቸው። የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ገብቶ፤ በቅጠል ተሸፍኖ፤ ድንጋይ ተጭኖበት ሲከርም፤ መብሰል አለመብሰሉን በሽታው የሚያውቁ፤ መቼ ተገልብጦ መቼ እንደገና መታፈን እንዳለበት ሳይጻፍ የሚናገሩ ናቸው። ጭዱን ጨበጥ አደረጉ፤ ለቀቅ አደረጉ፤ «ይህ ደርሷል፤ ያኛው ገና ነው» እያሉ ለዩልን። እኛ ሦስት ሳምንት በጨለማ መታሸግ የሚለውን እንደ ትልቅ ሳይንስ ስንተርክላቸው «ታዲያ ቆጮ አይደለም እንዴ?» አሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያ ቀን ያገኘነው ትምህርት በአንድ ሴሚስተር ካገኘነው ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ መምህሮቻችን ይቅር ይበሉን።

አሥራ ሁለት ከረጢት ሰቀልን። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና ሌሊቷ ብርድ ነው፤ ነጩ ክር ጭዱን የወረሰው በሦስት ሳምንት ሳይሆን በአምስት ሳምንት ነው። ሁለት ከረጢት አረንጓዴ ሻጋታ ያዛቸውና አውጥተን ቀበርናቸው። አሥሩን ቀደድን። ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ በተራ እንረጫለን፤ በሣጥኑ ወለል እርጥብ ጆንያ አነጠፍን፤ አንዲት ትንሽ አምፑልም ሰቀልን።

የበቀለው ግን መልኩ አላማረም። አንገቱ ረዥምና ቀጭን፤ ራሱ እንደ አተር ፍሬ ትንሽ። የግብርናው ልጅ አይቶ «አየር አጥሮት ነው። እንጉዳይ እንደ እኛ ይተነፍሳል፤ የተቃጠለው አየር በሣጥኑ ሲጠራቀም አየር ፍለጋ አንገቱን ያስረዝማል» አለን። እማማ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ለምን ዝም እንዳሉ ሁላችንም ገባን። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና እንዲቆም ተደርጎ ኮንቴይነሩ ቢከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በእነዚያ ሰሞን በሆሳዕና ስልክ ያልጠበቀ ቤት ያለ አይመስለንም። የእማማ ልጅ ቀደም ብሎ ያለፈ ነው፤ በዚያው መንገድ ግን ነው ያለፈው፤ እንዴት እንዳለፈም እስከ ዛሬ አልነገራቸውም።

ከሰዓት በኋላ ከአናጢ ቤት መሰርሰሪያ አስይዘው ልጅ ይዘው መጡ። ለልጃቸው የገዙት፤ ሁለት ዓመት አትንኩት ያሉን ቁም ሳጥን፤ ከላይና ከታች፤ በግራና በቀኝ ተበሳ። እኛ ስምንት ቀዳዳ ይበቃል አልን። «ጨምር» አሉት ልጁን። ሃያ አራት ሆነ። ትንኝ እንዳይገባ በስስ ሻሽ ሸፈንናቸው። ቀጥሎ የበቀለው ራሱ የሰው መዳፍ ያኽል ነበር።

እንግዲህ በቀዳዳዎቹ ብርሃን ስለሚወጣ ወሬም ወጣ። የተማሪዎቹ ሣጥን ሌሊት ያበራል፤ ሐሺሽ ተክለዋል ተባለ። (የልጁን የስልክ ወሬ ከእኛ ሌላ የሰማ ጆሮ ነበረ ማለት ነው።) አንድ ማታ ሁለት የቀበሌ ሰዎች በሩን አንኳኩ። እማማ በሩ ላይ ቆመው «ግቡ፤ ግቡ፤ እዩት» አሉ። ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ሰዎቹ አምፑሉን አዩ፤ የተንጠለጠሉትን ከረጢቶች አዩ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ታላቅየው «ይህ የጅብ ጥላ አይደለም እንዴ?» አለ። የዱር የጅብ ጥላና ይህኛው እንደሚለያዩ፤ ከዱር የተለቀመውን ያላወቀ ሰው ሊሞትበት እንደሚችል፤ ይህ ግን ዘሩ ታውቆ የተዘራ እንደ ሆነ አስረዳን። አላመነም። እማማ በቅቤና በሚጥሚጣ ጠብሰው ከቆጮ ጋር አቀረቡለት፤ ቀድመውም ራሳቸው ጎረሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ሐሺሽ የጠየቀን የለም፤ ታናሽየው ግን ለሚስቱ ይዞ ሄደ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ሳንዋሽ እንናገር። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ጭድ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ እንጉዳይ ይገኛል ይባላል፤ እኛ ከስድስት ኪሎ ጭድ በሦስት ለቀማ አራት ኪሎ ገደማ አገኘን። ግማሹን በላነው። የቀረውን አንድ ሆቴል ገዛን፤ የተከፈለንም ለዘሩ፤ ለላስቲኩና ለቴርሞሜትሩ ካወጣነው ግማሽ ያኽል ነው። በአንድ ቁም ሳጥን የደላላን ብር የሚያኽል ገንዘብ ይገኛል የሚል ካለ አትመኑት። ቴርሞሜትሩ ግን ሁለተኛ አይገዛም፤ ዘሩንም ራሳችን ለማባዛት ማሽላ ቀቅለን እየሞከርን ነው።

ባለፈው እሑድ ልጁ ሲደውል እማማ ቁም ሳጥኑን ነገሩት። ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ «ኮቱስ?» አለ። «ተሰቅሏል» አሉት።

የዱራሜው ጓደኛችን ለታናሽ ወንድሙ ስድስት ከረጢት ለመውሰድ ጭድ መቁረጥ ጀምሯል። ደላላውም ማክሰኞ ማታ ደውሎለት ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ ቆየ። ሲመለስ ምን እንዳለው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። የመርጨት ተራው የእሱ ነበርና መርጫውን አንሥቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ።