ሦስት ጠብቀን ሁለት መጣ

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የቡና ቅጠል ፎቶ አይቶ የዝገት በሽታ ነጠብጣቦችን ይቆጥራል። ማቅረቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ኮዱ እምቢ አለ። እኛ አንድም መስመር አልነካንም። ስለዚህ ማታ ላብራቶሪ ያመሸውን ጓደኛችንን ጠረጠርን፤ ከዒሻ በኋላም በሌለበት አማነው። (ስለ ሐሜት ኹጥባ የሰማነው በዚያው ሳምንት ነበር።)

ለካ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ኦፕን ሲቪ ከ3 ወደ 4 ተሻግሯል። የነጠብጣቦቹን ዙሪያ የሚፈልገው ፋይንድ ኮንቱርስ በቨርዥን 3 ሦስት ነገር ይመልሳል፦ ምስሉን፣ ዙሪያዎቹንና ተዋረዳቸውን። በ4 ምስሉ ቀርቷል። በ2ም እኮ ሁለት ብቻ ነበር! ኮዳችን ግን ሦስተኛውን ይጠብቃል። የስህተት መልእክቱ ሦስት ጠብቆ ሁለት እንዳገኘ ቁልጭ አድርጎ ጽፎ ነበር፤ እኛ ሳናነበው ሰው ጠረጠርን። መድረሳ ሳለን ሐርፍ ዘለን ስንቀራ ኡስታዛችን ወደዚያችው ሐርፍ ሳንመለስ አያሳልፉንም ነበር።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ ከመጨረሻው ሁለተኛውን መውሰድ። በሦስቱም ቨርዥኖች ዙሪያዎቹ እዚያው ናቸው።

ከፈጅር በኋላ ጓደኛችንን መስጂድ በር ላይ ጠብቀን ሁሉንም ነገርነው፤ ዐፍው በለን አልነው። ሳቀና፣ «ስንት ሰው ፊት ነው ያማችሁኝ?» አለ።

አራት። ሁለቱን አግኝተናል፤ ሁለቱን እየፈለግን ነው።