የሦስት ቄቦች ዕዳ

ዶሮ ማርባት ለብዙ ሰው የሴቶችና የሕፃናት ሥራ መስሎ ይታየዋል። እኔም በደብረ ታቦር ከተማ ዳር ጎጆ ሠርቼ ስኖር ለአያሌ ዓመታት እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን በ2011 ዓ.ም. በቤቴ የደረሰው ነገር፣ በዶሮ ቆጥ ሥር የሰው ኅሊና ሊፈተን እንደሚችል አስተማረኝ። ታሪኩ የሚያኮራኝ አይደለም፤ ሆኖም ከእኔ ጥፋት ሌላው ይማር ዘንድ እነሆ እጽፈዋለሁ።

አገራችን ደጋ ናት። ከተማችን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከጉና ተራራ የሚነፍሰው ብርድ ለሰውም ለጫጩትም አይመችም። ዳክዬን በጣና ዳር በዱር ስትዋኝ እናያታለን እንጂ በቤታችን አናረባትም፤ ዶሮ የሌለበት ቤት ግን ጥቂት ነው። ማታ በቆጥ ላይ ያድራሉ፤ ሲነጋ ጥቂት ግርድ ይበተንላቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ጓሮውን እየጫሩ ራሳቸውን ይመግባሉ። ቀን ጭልፊት፣ ሌሊት ሸለምጥማጥ ያደባባቸዋል። ያገር ዶሮ በዓመት ብትጥል ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ነው፤ ብዙ አትሰጥም፣ ብዙም አትጠይቅም።

ገበያው ከጾማችን ጋር የተሳሰረ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዕንቁላል የሚበላ ስለሌለ ዋጋው ይወድቃል፤ ብልህ የቤት እመቤት ያን ጊዜ በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ ዶሮዋን ታስታቅፋለች፤ በ21ኛው ቀንም ጫጩቱ ይፈለፈላል። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ የአውራ ዶሮ ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ይንራል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ከእናቷ ተምራ የምታውቅ ናት። የልጆቻችን ደብተርና እርሳስ ይገዛ የነበረው ከእኔ ደመወዝ ሳይሆን ከእርሷ ዕንቁላል ነው።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 20 ቀን ይውል ስለ ነበር፣ ዋጋው ሳይንር ብዬ በወሩ መባቻ ከገበያ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ባለቤቴ አይታው፣ «ከየት እንደ መጣ አናውቅም፤ ሁለት ሳምንት ለብቻው በቅርጫት ይከደንና እንየው» አለችኝ። እኔ ሣቅሁና ለቀቅሁት። በክፍል ውስጥ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ የማስተምር ሰው፣ በራሴ ጓሮ ትምህርቴን ረሳሁት።

ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት ዶሮ ክንፏን ጥላ ቆመች፤ ኩሷ አረንጓዴ ሆነ፤ በማግሥቱም አንገቷ ተጠምዝዞ ሞተች። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ሞቱ። ይህ በሽታ በእኛ ዘንድ ፈንግል ይባላል። ሊቃውንቱ በ1926 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በታየበት ከተማ ስም የኒውካስል በሽታ ብለውታል። ቫይረስ የሚያመጣው ስለ ሆነ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ በኩስ፣ በትንፋሽ፣ በመመገቢያ ዕቃና በጫማ ሳይቀር ይዛመታል።

አንድ ወዳጄ፣ «የቀሩት ሳይሞቱ ቶሎ ሽጥ፤ ሁሉም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው» ሲል መከረኝ። ገና ያልታመሙ የሚመስሉ ሦስት ቄቦች ነበሩኝ። በሰሙነ ሕማማት፣ በገበያ ቀን፣ እግራቸውን አስሬ ይዣቸው ወጣሁ። አንዲት ነጠላቸው ያረጀ እናት ቀረቡና ላባቸውን ገልጠው መረመሩ።

«ለማርባት ነው የምፈልጋቸው፤ ጤነኞች ናቸው ልጄ?» አሉኝ።

«ጤነኞች ናቸው እናቴ።»

«በቤትህስ የታመመ የለም?»

«የለም» አልሁ። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጠሩልኝ።

ቤቴ ስደርስ የቀሩት ሁሉ ተራ በተራ አለቁ። ቀዩ አውራ ዶሮ ብቻ ጥቂት ታሞ ዳነ። በዕለተ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለሁ፣ የጴጥሮስ ክህደትና የዶሮው ጩኸት በሚነገርበት ስፍራ ንባቡ ሲደርስ ዓይኔን ከመሬት ማንሣት አልቻልሁም። ያን ንባብ በዲቁናዬ ዘመን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ነገር ግን እኔን ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። በዚያ ፋሲካ በቤታችን 12 ብልት የወጣለት ዶሮ አልቀረበም። በየንጋቱ ግን ያ ቀይ አውራ ዶሮ ይጮኽ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነገሩን ገለጥሁላቸው። «በመጀመሪያ ሴትዮዋን ፈልገህ አግኝ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ና» አሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሦስት የገበያ ቀን ፈለግሁ። በአራተኛው አገኘኋቸው፤ ጥቂት ጌሾ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ስለ ቄቦቹ ስጠይቃቸው፣ «አለቁ ልጄ፤ የነበሩኝን ስድስቱንም ይዘዋቸው ሄዱ። በጾሙ የበደልሁት ነገር ቢኖር ነው እያልሁ ስጨነቅ ሰነበትሁ» አሉ።

ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። በመጨረሻም፣ «ገንዘቡስ ይገኛል፤ ስጨነቅ ያደርሁባቸውን ሌሊቶች ማን ይመልስልኛል?» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁም።

የሦስቱን ዋጋ ወዲያው መለስሁ። ለስድስቱ ግን ጊዜ አስፈለገኝ። አሮጌውን ቆጥ አቃጠልን፤ ቤቱን ጠርገን አመድ ነሰነስን፤ አውራ ዶሮውን ለብቻው አግልለን ክረምቱን ያለ ዶሮ አሳለፍን። የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ስጠይቅ፣ ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ተቋም የሚሠራ መሆኑንና በዓይን ጠብታ እንደሚሰጥ አስረዳኝ። ችግሩ አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሆኖ፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው፤ ስምንት ዶሮ ያለው አንድ ቤት ለብቻው ሊያስመጣው አይችልም። ስለዚህ ተማሪዎቼን በየቤቱ ልኬ የሰፈሩን ዶሮ አስቈጠርሁ፤ ጎረቤቶቼም በአንድ ማለዳ ቅርጫታቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። በየጥቂት ወሩ መደገም ስላለበት፣ ቀኑን የምታስታውሰን ባለቤቴ ናት።

በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ስድስት የተከተቡ ቄቦች ለእኚያ እናት ወሰድሁ። እኔ ያመጣኋቸው መሆናቸውን አይተው፣ አንድ በአንድ መርምረው፣ ሁለት ሳምንት ለብቻቸው በቅርጫት ከደኗቸው። እኔም አልተቀየምሁም፤ ደስ አለኝ እንጂ።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፤ ከገበያ የገዛኸውን ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅል። በበሽታ የሞተውን በጥልቅ ቅበረው ወይም አቃጥለው እንጂ ለውሻ አትጣለው። ከታመሙት ጋር የዋለውንም፣ ጤነኛ ቢመስልህ እንኳ፣ ለሌላ ሰው አትሽጥ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል፤ እኔ ግን የጣልሁት የራሴን ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ብብት ያቀፈውንም ነበር።

ቀዩን አውራ ዶሮ አላረድነውም፣ አልሸጥነውምም፤ በእርጅና እስኪሞት ድረስ ከእኛ ጋር ኖረ። ሲጮኽ ባለቤቴ ለሥራ ትነሣለች፤ እኔ ግን ከመነሣቴ በፊት ጥቂት እቆይ ነበር።