የማያየው ዘበኛ

ዛሬ ከዜናው ፈቀቅ ብዬ ስለ ራሴ ጥፋት ልጻፍ። የጌም ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር በዩኒቲ አንዲት ትንሽ ጌም እየሠራን ነው። ሌባው ግቢ ውስጥ ይሽሎከለካል፤ ዘበኛው ካየው ጨዋታው ያበቃል። ኮዱን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ግቢውንና ግድግዳውን የሚሠራው እሱ። ዘበኛው የሚያየው ሬይካስት በሚባል ዘዴ ነው፦ ከዓይኑ ወደ ሌባው የማይታይ ቀጥ ያለ ጨረር ይላካል። ጨረሩ መሃል ላይ ግድግዳ ከነካ አላየውም፤ ካልነካ አየው ማለት ነው።

የኛ ዘበኛ ግን ጭራሽ አያይም። ሌባው አፍንጫው ሥር ቆሞ እንኳ ዝም!

ወዲያው ፈረድኩ። "የማይታይ ግድግዳ ረስተህ ትተሃል" አልኩት። "ግድግዳው ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ" አለኝ። አልሰማሁትም። በዚህ ቻናል ስንት ጊዜ "ያለ ማስረጃ አትፍረዱ" ብዬ እንደጻፍኩ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጁ ፈተና ደርሶበት ሳለ ሁለት ሌሊት ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ መልሶ ተከላቸው።

በሦስተኛው ሌሊት "እስኪ ጨረሩ የነካው ነገር ስሙ ምን እንደሆነ አውጣው" አለኝ። አንድ መስመር ጨመርኩ። የወጣው ስም የሌባው ነበር።

ግድግዳዎቹ ያሉት ሌየር 8 ላይ ነው። ጨረሩ እነሱን ብቻ እንዲፈትሽ የሚሰጠው ቁጥር፣ ማስክ የሚባለው፣ 256 ይሆናል፤ 2 ስምንት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ማለት ነው። እኔ ይህን ቁጥር የጻፍኩት የርቀት ቦታ ላይ ነው። ዩኒቲም "256 ድረስ ሂድ" ያልኩት መስሎት ሄደ። የትኛውን ሌየር እንደሚፈትሽ ስላልተነገረው ሌባውን ራሱን ነካ፤ ኮዴም "የሆነ ነገር ተነካ፣ ስለዚህ ግድግዳ አለ" አለ። ቀይ መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ለሱ ቁጥር ቁጥር ነው። ስህተቱ ጮሆ ቢሆን በአምስት ደቂቃ አገኘው ነበር፤ ዝም ሲል ግን የማሳብበት ሰው ፈለግኩ።

ርቀቱን አስቀድሜ ማስኩን ከኋላው ጻፍኩ። ዘበኛው ሌባውን ወዲያው አየው።

"ይቅርታ፣ ግድግዳህ መጀመሪያም ደህና ነበር" አልኩት።

"ነግሬህ ነበር" አለኝ ደብተሩን እየሳበ። "አሁን ላጥና?"